የ«ከውስጥ ውበት» ነጋዴዎችና እኛ ጸሐፊዎቻቸው

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ሰላምታው ረዥም ነው። ጽሑፎቼን እንደሚከታተል ነግሮኝ፣ «ብዕርህ ይባረክ» ብሎኝ ሲያበቃ የአንድ ጠርሙስ ፎቶ ላከ። ጠርሙሱ ላይ ፊቷ እንደ መስታወት የሚያበራ ሴት አለች፤ ከሥሯ ዚንክ፣ ሰሊኒየም፣ መዳብ፣ ባዮቲን የሚል ዝርዝር። የሚፈልገው ቀላል ነገር ነው። ማዕድናት ቆዳን ከውስጥ እንዴት እንደሚገነቡ «በጋዜጠኛ ዓይን» የሚያስረዳ አንድ ጽሑፍ። የምርቱ ስም መሃል ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠቀሳል፣ መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥር ይገባል። «ማስታወቂያ» የሚል ቃል ግን እንዳይኖርበት አደራ ብሏል። ያቀረበልኝ ገንዘብ ወር ተኩል ከለፋሁበት የመጨረሻ ዘገባዬ ክፍያ ይበልጣል።

እምቢ አልኩ። እንዳታጨበጭቡልኝ ግን። ከሁለት ዓመት በፊት እሺ ብዬ ነበር።

ያኔ የቤት ኪራይ ሁለት ወር ተደራርቦብኝ ነበር፤ ይህን የምለው ሰበብ ፍለጋ ሳይሆን ነገሩ የሆነው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ሥራው ሌላ ሻጭ፣ ሌላ ጠርሙስ ነበር። ጽሑፉን በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨረስኩት። የሚገርመው ደግሞ አንድም ውሸት አልጻፍኩበትም። ዚንክ ለቁስል መዳን ያስፈልጋል፤ እውነት ነው። መዳብ ለቆዳ ጥንካሬ የሚሠራ ኢንዛይም ውስጥ አለ፤ እውነት ነው። ሰሊኒየም ሴሎችን ከጉዳት ይከላከላል፤ ይህም እውነት ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ቢጠየቅ ነፃ ይወጣል። አንድ ላይ ሲሰለፉ ግን አንባቢውን እጁን ይዘው ወደ ውሸት ይወስዱታል።

ጽሑፉን ካነበቡት አንዷ የአክስቴ ልጅ ነበረች። የተከፈለበት መሆኑን አላወቀችም፤ እኔም አልነገርኳትም። ፀጉሯ ይነቃቀል ነበር፣ የከንፈሯ ጠርዝ ይሰነጠቃል፣ ፊቷ ወዟን አጥቶ ገርጥቷል። ጠርሙሱን ገዝታ አምስት ወር ዋጠች። በስድስተኛው ወር ደረጃ ስትወጣ ልቧ እየመታ አላስቆም ሲላት ጤና ጣቢያ ሄደች። የደሟ መጠን ሲለካ ሄሞግሎቢኗ 8 ላይ ነበር። ለዓመታት ሲበዛባት የኖረው የወር አበባ ብረቷን አሟጦት ኖሯል። ያን ዕለት ማታ ጠርሙሱን አምጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝ። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ብረት የሚባል ነገር ውስጡ የለም። «አንተ ጽፈኸው አይደል እንዴ?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ስለዚህ ዛሬ ያንን ጽሑፍ እንደገና እጽፈዋለሁ። በነፃ።

መጀመሪያ ከእውነቱ ልጀምር፤ እውነቱ ከማስታወቂያው የበለጠ ደስ የሚል ታሪክ አለውና። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ አናንዳ ፕራሳድ የተባለ ወጣት ሐኪም ኢራን፣ ሺራዝ ከተማ ይሠራ ነበር። አንድ የ21 ዓመት ገበሬ መጣለት። ሲያዩት የአሥር ዓመት ልጅ ይመስላል። ቁመቱ ቀጭጯል፣ ጉርምስና አልጎበኘውም፣ ቆዳው ደርቆ ሻክሯል፣ ደሙም አንሷል። የሚበላው ያልቦካ የስንዴ ቂጣ፣ ድንች፣ ትንሽ ወተት ነው፤ በላዩ ላይ በየቀኑ ግማሽ ኪሎ ያህል ሸክላ አፈር ይበላል። የአካባቢው ሰው ለእንዲህ ያለው ልጅ እንግዳ አልነበረም፤ ሌሎችም ነበሩ። ፕራሳድና ባልደረቦቹ በ1961 ባሳተሙት ጽሑፍ ከብረት እጥረቱ ጎን የዚንክ እጥረት ሳይኖር እንደማይቀር ጠረጠሩ። ጥርጣሬው በቀጣዮቹ ዓመታት ግብፅ ውስጥ በተደረጉ ምርመራዎች ተረጋገጠ፤ ዚንክ የተሰጣቸው ወጣቶች ማደግ ጀመሩ። እስከዚያ ድረስ ዚንክ በየምግቡ ስለሚገኝ ሰው ሊያጥረው አይችልም የሚል እምነት ነበር።

ዚንክ በስንዴው ውስጥ ነበር እኮ። ችግሩ ፋይቴት የተባለ ውህድ ነው። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ አለ፣ ዚንኩንና ብረቱን ጨብጦ ይይዛል፣ አንጀት ሊወስደው ሲል አይለቅም። ቂጣው ስላልቦካ ፋይቴቱ እንዳለ ቀረ። ማቡካት ይህን ጭብጥ ያላላዋል፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ብዙውን ይሰብረዋል። እንግዲህ ሊጡን በእርሾ አብኩታ፣ አብሲት ጥላ፣ ሦስት ቀን ጠብቃ እንጀራ የምትጋግር እናት በማንም ጠርሙስ ላይ ሳይጻፍላት ምን ስትሠራ እንደኖረች አስቡት።

ሌላ ታሪክ ልጨምር። አንድ በዘር የሚተላለፍ ብርቅ በሽታ አለ። ሕፃኑ ጡት ሲጥል በአፉ ዙሪያ፣ በመቀመጫው፣ በእጁና በእግሩ ጫፍ ቆዳው ይላላጣል፣ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ ፀጉሩ ይረግፋል። ለረጅም ጊዜ ብዙዎቹ ይሞቱ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ኤድመንድ ሞይናሃን የተባለ የቆዳ ሐኪም ሕፃናቱ ከምግብ ዚንክ መውሰድ የማይችሉ መሆናቸውን አገኘ። ዚንክ በአፍ ሲሰጣቸው ቆዳቸው በቀናት ውስጥ መዳን ጀመረ። ይህን ያነበበ ሰው «ማዕድን ቆዳን ከውስጥ ይሠራል» ቢል ትክክል ነው። ከሰውነታችን ዚንክ 5 በመቶ የሚሆነው ቆዳችን ውስጥ ነው። ብረት ሲያንስ ፊት ይገረጣል፣ ጥፍር እንደ ማንኪያ ይጎደጉዳል፣ የአፍ ጠርዝ ይሰነጠቃል፣ ቆዳም ያሳክካል። መዳብ ከሌለ የቆዳን መለጠጥ የሚያስረው ኮላጅን በወጉ አይተሳሰርም፤ ቀለማችንን የሚሰጠው ሜላኒንም አይሠራም።

ውሸቱ የሚገባው ቀጥሎ ባለችው አንዲት እርምጃ ላይ ነው። «ያነሰው ሰው ቆዳው ይጎዳል» ከሚለው ተነስተው «የጨመረ ሰው ቆዳው ያበራል» ይሉናል። እነዚህ ሁለቱ ምን አገናኛቸው? ጎማው አየር ያነሰው መኪና አይሄድም፤ አየር በጨመርክበት ቁጥር ግን አውሮፕላን አይሆንም። ዚንክ ያልጎደለው ሰው ዚንክ ቢጨምር ቆዳው የሚያበራበት የታወቀ መንገድ የለም። አብዛኛው ትርፍ በሆዱ ያልፋል፣ ከዚያ ገንዘቡ ይከተለዋል።

«ቡግርስ?» የሚል ሰው አለ፤ አውቃለሁ። እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። ዚንክ ለቡግር ተሞክሯል፤ አንዳንድ ሰው ላይም የተወሰነ ለውጥ አሳይቷል። በ2001 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የፈረንሳይ ጥናት 332 ሕሙማንን ይዞ ዚንክን ሚኖሳይክሊን ከተባለው የተለመደ መድኃኒት ጋር አወዳድሮ ነበር። በዚንክ የተሳካላቸው 31 በመቶ፣ በመድኃኒቱ የተሳካላቸው 63 በመቶ ሆኑ። እንግዲህ ዚንክ ደካማ አማራጭ ነው ቢባል ያስማማናል፤ ሐኪም አውቆ ሊያዘው ይችላል። ከዚህ ተነስቶ «ማድያት ያጠፋል፣ ቆዳ ያነጣል፣ ዕድሜ ይቀንሳል» ማለት ግን የት አገር ሳይንስ ነው?

መጨመር ምን ጉዳት አለው የሚልም አለ። «ቢያንስ አይጎዳም» የሚለው የሻጮች የመጨረሻ ምሽግ ነው። ይጎዳል። አዋቂ ሰው በቀን ከ8 እስከ 11 ሚሊግራም ዚንክ ይበቃዋል፤ የላይኛው ጣሪያ 40 ነው። ገበያ ላይ በአንድ ክኒን 50 የያዘ ጠርሙስ በዓይኔ አይቻለሁ። ዚንክ ለወራት ሲበዛ መዳብን ያስወጣል። መዳብ ሲያልቅ ደም ያንሳል፣ ነርቭ ይጎዳል። ለቆዳዬ ብሎ የጀመረ ሰው እግሩ እየደነዘዘ ሐኪም ቤት ሊገኝ ይችላል። የሰሊኒየሙ ይብሳል። በ2008 አሜሪካ ውስጥ አንድ ፈሳሽ ማሟያ በስህተት ከተጻፈበት 200 ጊዜ የሚበልጥ ሰሊኒየም ይዞ ገበያ ወጣ። በአሥር ክፍላተ ሀገር 201 ሰው ታመመ። ምልክቱ ምን ነበር መሰላችሁ? ተቅማጥ፣ ድካም፣ የፀጉር መርገፍ፣ የጥፍር መበላሸት። ሰዎቹ ለጤናቸው ብለው የጠጡት ነገር ፀጉራቸውንና ጥፍራቸውን ወሰደ። ያ የሆነው ቁጥጥር አለ በሚባልበት አገር ነው። በሻንጣ ገብቶ በቲክቶክ የሚሸጠውን ጠርሙስ ደግሞ ውስጡን ማን ለክቶታል?

ባዮቲን ማዕድን አይደለም፤ ቫይታሚን ነው። ግን ከነዚህ ጠርሙሶች አይለይምና አንድ ነገር ልበል። በ2017 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ብዙ ባዮቲን የሚወስዱ ሰዎች የደም ምርመራ ውጤታቸው ሊሳሳት እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ የልብ ድካምን የሚያሳየውን ምርመራ ጨምሮ። የእንቅርት ምርመራ ልትሰጡ ስትሄዱ እንዲህ ያለ ክኒን እንደምትወስዱ ለሐኪሙ ንገሩት። ይህን ሻጩ አይነግራችሁም። እኔም ያኔ አልነገርኳችሁም።

የማዕድኑን ነገር ካነሳን ደግሞ ሜርኩሪም ማዕድን ነው። ለማንጣት የሚቀቡት የአንዳንዱ ቅባት ምስጢር እሱ ነው። ሜላኒን እንዳይሠራ ያውካል፣ ከዚያ በቆዳ ሰርጎ ኩላሊት ጋ ይደርሳል። ሚናማታ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ሜርኩሪ የገባበት የማንጫ ቅባት መመረት፣ መግባትም መውጣትም የለበትም። ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ሲሸጥ ግን ታዩታላችሁ። «ከውጭ» የሚያነጣው ቅባትና «ከውስጥ» የሚያበራው ክኒን ብዙ ጊዜ ከአንድ መደርደሪያ፣ ከአንድ ሻጭ፣ በአንድ ቪዲዮ ነው የሚመጡት። አንዱ ቆዳሽ ጥፋት ነው ይላታል፤ ሌላው ጥፋቱ ውስጥሽ ነው ይላታል።

አሁን ወደ እውነተኛው ጉድለት እንምጣ፤ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶው። ሁሉም በብረት እጥረት አይደለም፤ ወባ አለ፣ የአንጀት ትል አለ። ቢሆንም ከሁለት ሕፃን አንዱ በላይ ደሙ አንሷል ማለት ነው። በዚሁ ዳሰሳ ከስድስት እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት በቂ የሚባለውን ምግብ የሚያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሰባት! ዚንክ የጎደለው ቆዳ፣ ብረት የጎደለው ፊት እዚያ ነው ያለው። ያቺ ሕፃን ግን ስልክ የላትም፣ ቪዲዮ አትከታተልም፣ ጠርሙስ አትገዛም። ስለዚህ ለእሷ ማንም ጽሑፍ አያስጽፍም። የሚሸጠው ላልጎደለው ነው፤ የጎደለው ገዢ አይደለምና።

የዚንክ ክኒን በጥናት ተፈትኖ ሕይወት የሚያድንበት ቦታ አለ። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ከሕይወት አድን ንጥረ ነገር ጋር ዚንክ ይሰጠዋል፤ ከስድስት ወር በላይ ለሆነ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከዚያ በታች ለሆነ 10፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ይህን በጋራ የመከሩት በ2004 ነው። ክኒኑ ርካሽ ነው፣ በውሃ ይሟሟል፣ ጤና ኬላ ድረስ እንዲደርስ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ ክኒን ስንት የቴሌግራም ጽሑፍ አንብባችኋል? እኔ ስንት ጻፍኩ? ዜሮ። ማንም አልከፈለኝማ።

ከማዕድ ላይ ያለውንም ነገር እንነጋገር። የጤፍን ብረት አንሥተን ስንመካ እንውላለን። እርግጥ ጤፍ ብረት አለው። ግን በድሮ መለኪያዎች የሚታየው ያ ትልቅ ቁጥር ከፊሉ አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ የተቀላቀለ አፈር ነው፤ ሰውነት ደግሞ የአፈሩን ብረት እምብዛም አይጠቀምበትም። ከዚህም አልፎ በ2021 «ኔቸር» ላይ የወጣ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ኢትዮጵያና ማላዊ ውስጥ በእህል ውስጥ ያለው ዚንክ፣ ሰሊኒየምና ብረት ከቦታ ቦታ በጣም እንደሚለያይ አሳይቷል። የአንዱ ወረዳ እህልና የሌላው ወረዳ እህል አንድ አይደለም፤ አፈሩ ይወስናል። ራሱ ካመረተው የሚበላ ገበሬ ዕድሉ በአፈሩ ላይ ነው። ይህ የግብርና ፖሊሲ ጥያቄ ነው፣ የማዳበሪያ ጥያቄ ነው፣ የምግብ ማበልጸግ ጥያቄ ነው። የውበት ጥያቄ አድርገው ሲያቀርቡልን ጥያቄውን ከመንግሥት ላይ አንሥተው ከእህቶቻችን መስታወት ላይ ነው የሚለጥፉት።

ቡናን ብትጠሉኝም እነካለሁ። በ1983 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ከምግቡ የሚወሰደውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ቢጠጣም ቡናው ያው ቀነሰ። አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ግን ምንም አልቀነሰም። እኛ ደግሞ ምሳ እንደተነሣ ነው ጀበና የምንጥደው። ቡና ተዉ አላልኩም፤ እኔም አልተውም። ደሟ ያነሰ እህት ካለች ግን ቡናውን ከምሳው በፊት ማድረግ ምንም አያስከፍልም። በጾም ምስር ወጥ ላይ ስንግ ቃሪያ መጨመር፣ ሎሚ ጠብ ማድረግም እንዲሁ፤ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ የእህሉን ብረት ያስለቅቃል። ሽምብራ፣ ምስር፣ ሰሊጥ፣ የዱባ ፍሬ ዚንክ አላቸው። ሥጋ የሚበላ ደግሞ ከሥጋ የተሻለውን ያገኛል፤ ሥጋው የሚገዛበት ገንዘብ ካለ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያሳፍረው። በአንድ ጠርሙስ ዋጋ ስንት ኪሎ ምስር እንደሚገዛ ራሳችሁ አስሉት፤ የየሳምንቱን የገበያ ዋጋ ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ይህን ሳወራ አንድ ወዳጄ ፋርማሲስት ተቆጣኝ። «የሚገዙት ውስጥ እውነተኛ እጥረት ያለባቸው የሉም ወይ? በተለይ ሴቶቹ?» አለኝ። አሉ። የአክስቴ ልጅ አንዷ ነበረች። ችግሩም እሱ ነው። እጥረት ያለበት ሰው የሚያስፈልገው መለካት ነው፤ ሄሞግሎቢን፣ ሲቻል ፌሪቲን፣ ከዚያም ለምን እንዳነሰ ማወቅ። አሥራ ሁለት ነገር የተቀላቀለበት ጠርሙስ ያጣኸውን ሳይሰጥህ «እየታከምኩ ነው» የሚል ስሜት ብቻ ይሰጥሃል። እሷን አምስት ወር ያዘገያት ያ ስሜት ነው፤ ስሜቱን ደግሞ ያሻሻጥኩት እኔ ነኝ። ወዳጄ ዝም አለ። ከዚያ «እኔስ ጋ መጥተው ሲጠይቁኝ እሸጥላቸዋለሁ» አለ። ቢያንስ እሱ ነጭ ጋዎን ለብሶ በግልጽ ነው የሚሸጠው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 759/2004 አለን። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለን። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም አለን። ባለሥልጣኑ የተመዘገቡትን የማሟያ ምርቶች ዝርዝር ማንም ተራ ሰው በስልኩ ሊያየው በሚችል መንገድ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ያውጣ፤ ሰው ከመግዛቱ በፊት ያጣራ። ከገበያ ናሙና ወስዶ ይመርምር፣ ውጤቱን በስም ይናገር። እኛ ቻናል ያለን ሰዎች ደግሞ የተከፈለበትን «የተከፈለበት» እንበል። አንዲት ቃል ናት። ይህችን ቃል ለመጻፍ የሚፈራ ሻጭ ለምን እንደሚፈራ ተጠየቁ።

እኔ በበኩሌ የድሮውን ጽሑፌን መፈለግ ጀመርኩ። እኔ ከለጠፍኩበት አጥፍቼዋለሁ፤ ግን ስሜን ይዞ በሦስት ሌሎች ቻናሎች ላይ አሁንም አለ፣ በአንዱ ስልክ ቁጥሩ ተቀይሮ ሌላ ጠርሙስ ይሸጥበታል። ለሦስቱም ባለቤቶች ጻፍኩ። አንዱ ወዲያው አነሣው፤ እግዜር ይስጠው። ሁለተኛው አይቶ ዝም ብሏል። ሦስተኛው ማታ መለሰልኝ፤ «ወንድም፣ ለማጥፋቱ ስንት ትከፍላለህ?»